ለመስከረም አበባ ቀፎ ማሰናዳት፦ ምን ይገዛ፣ ምን ለአናጢ ይሰጥ? (ድሬና ሐረር)

የደንገጎ_ንብ | ሰኔ 24

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በባህላዊ ቀፎ ያሉ ስድስት መንጋዎች አሉ። ሐሳቡ ክረምቱ ቀለል ሲል አራቱን ወደ ባለ ፍሬም ቀፎ ማዛወር፣ ሁለቱን ባሉበት መተው ነው። ቦታው ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ሥር ነው። ከባለ ፍሬም ቀፎ ዓይነቶች ዛንደር ይሻላል ወይስ ላንግስትሮዝ? አናጢው በቺፑድ ከተሠራ በግማሽ ዋጋ ይወጣል ይላል፣ ልስማው? ለአራት ቀፎ ስንት ኪሎ ሰም ይበቃል? የንግሥት ማገጃና (ንግሥቷ ወደ ማር ክፍሉ እንዳትወጣ የሚከለክለው) የማር ማጣሪያ ማሽን (ፍሬሙን አሽከርክሮ ማሩን የሚያወጣው) ዘንድሮውኑ ልግዛ ወይስ ይቆይ? ገንዘቡ ሁሉንም ስለማይችል ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ።

ሰም_አቅላጭ (ሐረር) | ሰኔ 24

ወንድሜ፣ አንተ ከጣውላው ጀመርክ፤ እኔ ከሰሙ ጀምር እላለሁ። ቀፎ አናጢ በሁለት ሳምንት ያስረክብሃል። ንጹሕ ሰም ግን ነሐሴ ላይ ሁሉም ሲፈልገው ይጠፋል፤ ያኔ የሚቀርብልህ የተቀየጠ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። በእጅ ማተሚያ የሚወጣ አንድ የላንግስትሮዝ ንጣፍ (ፍሬም ውስጥ የሚገባው የታተመ የሰም ገበታ) ከ100 እስከ 130 ግራም ይመዝናል። በማሽን የተዳመጠው ቀጭን ስለሆነ ወደ 80 ግራም ይወርዳል። የታችኛው የእጭ ክፍል 10 ፍሬም ይይዛል፣ ስለዚህ በእጅ ለሚታተም ለአንድ ቀፎ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ያስፈልጋል። ለአራቱ 5 ኪሎ ያዝ። ለላይኛው የማር ክፍል ሙሉ ንጣፍ ካሰብክ ሌላ 5 ኪሎ ነው። አቅም ካጠረ ለማር ክፍሉ 3 ሴ.ሜ ስፋት ያለው የንጣፍ ቅዳጅ ከፍሬሙ የላይ ዘንግ ሥር አጣብቅ፤ ንቧ የቀረውን ራሷ ታወርደዋለች። የታችኛውን ግን በሙሉ ንጣፍ ሙላው። እዚያ ቅዳጅ ከሰጠሃት የድንጉላ (የወንድ ንብ) ቤት ታበዛለች፣ የሰም እንጀራውም ከፍሬም ወደ ፍሬም ዞሮ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ፍሬም መምዘዝ አይቻልም። መምዘዝ ካልተቻለ ደግሞ ባህላዊ ቀፎ በውድ ዋጋ ገዛህ ማለት ነው።

ሰፈፍ፣ ማለትም ማሩ ለጠጅ ሲበጠበጥ የሚለየው ጥሬ ሰም፣ ከጠጅ ጣዮች ዘንድ ታገኛለህ። አቀላለጡ፦ ሰፈፉን በቃጫ ጆንያ ቋጥረህ፣ ድንጋይ ጭነህበት ውሃ ውስጥ አሙቀው። ሰሙ በጆንያው ሾልኮ ውሃው ላይ ይሰፍፋል። ሲቀዘቅዝ እንደ ድፎ ይነሳልሃል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ፍቀህ በንጹሕ ውሃ ደግመህ አቅልጠው። ሦስት ነገር ልብ በል። ድስቱ አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ተራ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ውሃውን አታንተክትከው፤ ከ85 በላይ ከሄደ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይጠፋል። ሦስተኛው የድሬ ሰዎችን ነው የሚመለከተው፦ የቧንቧ ውሃችሁ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ሰሙን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል። ለማቅለጫ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ፤ ወቅቱም ሐምሌ ነው።

ከነጋዴ ከገዛህ ቅይጡን ለይ። ንጹሕ ሰም በቀዝቃዛ ጠዋት ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና እንደ አሸዋ ሻካራ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይለሰልሳል፣ የማር ሽታ አለው። ፓራፊን የገባበት ያብረቀርቃል፣ ያንሸራትታል፣ በጥፍር ስትጭረው እንደ ሻማ ይፈረፈራል። ሞራ የገባበት ደግሞ እጅ ላይ ቅባት ይተዋል፣ ሲነድም የሥጋ ሽታ ይሸታል። የተቀየጠ ሰም ሐረር ላይ ሊያልፍልህ ይችላል። ድሬ ሙቀት ላይ ግን እንጀራው ማሩንም እጩንም ይዞ ይዘረገፋል፣ ንቧም ጥላህ ትሄዳለች።

አናጢ_ሳቢያን | ሰኔ 25

ስለ ቺፑድ መልሴ አጭር ነው፦ አትስማው። ቺፑድ ጫፉ ላይ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሚስማሩ ይላቀቃል፣ ሁለት ክረምት አይሞላም። ኮምፔንሳቶም ለግድግዳ አይሆንም፣ ቅጠሉ ይላቀቃል፤ ለውስጥ ክዳን ግን ይበቃል። ለግድግዳው በደንብ የደረቀ ጣውላ፣ ከተላገ በኋላ 2 ሴ.ሜ ውፍረት የሚቀረው ይሁን። ከ2 ሴ.ሜ ከቀነሰ ድሬ ላይ ሙቀቱ ቀጥታ ይገባል። ጥሬ ባህር ዛፍ ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ጥዱና ዝግባው የተሻሉ ናቸው። ደረቅ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ጣውላ አጋጭና ስማ፤ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ልኩ ነው። ላንግስትሮዝ ካልክ የሳጥኑ የውስጥ ርዝመት 46.5 ሴ.ሜ፣ የውስጥ ስፋት 37.5 ሴ.ሜ፣ ከፍታው 24 ሴ.ሜ ነው። የፍሬሙ የላይ ዘንግ 48.2፣ ገላው 44.8፣ ቁመቱ 23.2 ሴ.ሜ። ዛንደር ካልክ የፍሬሙ ገላ 42 በ22 ሴ.ሜ፣ የላይ ዘንጉ 47.7 ነው። የሁለቱ የላይ ዘንግ በግማሽ ሴንቲ ብቻ ስለሚለያይ ሰው ሳያውቅ ያደባልቃል። የዛንደር ፍሬም ላንግስትሮዝ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ ያታልልሃል። ነገር ግን በግራና በቀኝ ከ2 ሴ.ሜ በላይ ባዶ ይቀራል። ንብ ከ6 እስከ 9 ሚ.ሜ ያለውን ክፍተት ብቻ ለመተላለፊያ ትተዋለች፤ ከዚያ ካነሰ በሙጫዋ ትደፍነዋለች፣ ከበለጠ እንጀራ ትሠራበታለች። ስለዚህ የቱ ይሻላል ከማለትህ በፊት በአካባቢህ ያለው የሰም ማተሚያና የማር ማጣሪያ ማሽን በየትኛው ልክ እንደሆነ ጠይቅ። ቀፎው እነሱን ይከተላል።

ለአናጢ ስትሰጥ ወረቀት ላይ ልክ ጽፈህ አትስጠው። አንድ በትክክል የተሠራ ፍሬም ውሰድለትና «ሳጥኑን በዚህ ዙሪያ 8 ሚ.ሜ አስቀርተህ ሥራ» በለው። ስትረከብ ፍሬሙን በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አስገብተህ አንቀሳቅሰው፤ የጣት ጫፍ የሚያህል ክፍተት ካየህ መልስ። አራቱም ቀፎ ላይ አንዱ ፍሬም፣ አንዱ ክዳን፣ አንዱ ወለል ሊቀያየር ይገባል።

መግቢያው 8 ሚ.ሜ ከፍታ፣ 12 ሴ.ሜ ርዝመት ይበቃል። መግቢያውን የምታጠብበት አንድ ተነቃይ እንጨት አሠራ፤ መንጋው ትንሽ ሲሆን ወደ 4 ሴ.ሜ ታጠብበዋለህ። ቀለም የሚቀባው ውጪው ብቻ ነው፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ። ውስጡን የቀባ ሰው ንብ አይገባለትም። ከቀባህ በኋላ ሽታው እስኪወጣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አየር ላይ ይቆይ። ለዚህ ነው እስከ ሐምሌ አጋማሽ አናጢው መጨረስ ያለበት።

የደንገጎ_ንብ | ሰኔ 25

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር፦ ተሠርቶ የሚሸጥ ፍሬም አይቼ ነበር፣ ትከሻው (ከጎኑ ካለው ፍሬም ጋር የሚነካካው የላይ ጎኑ) ሰፊ ነው፣ ስለካው 35 ሚ.ሜ ሆነ። አንድ ሰው ለኛ ንብ ይሰፋል ብሎኛል። እውነት ነው?

ሰም_አቅላጭ (ሐረር) | ሰኔ 25

እውነቱን ነው። 35 ሚ.ሜ ለአውሮፓ ንብ የወጣ ልክ ነው። የኛዋ ትንሽ ናት፤ በቆላው በኩል ያለችው ጄመኒቲካ የምትባለው ዝርያ ደግሞ ከሁሉም ታንሳለች። ከአንድ እንጀራ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 32 ሚ.ሜ ነው የሚስማማት። የፍሬሙን ትከሻ በመላጊያ ከሁለቱም ጎን 1.5 ሚ.ሜ አስነሳ፣ 32 ይሆንልሃል። እንዲህ ሲሆን በዚያው 37.5 ሴ.ሜ ሳጥን ውስጥ 11 ፍሬም ይገባል። 11 በ32 ሲባዛ 35.2 ሴ.ሜ ነው፣ ሁለት ሴንቲ ያህል ለእጅ መግቢያ ይተርፋል። ንጣፉንም አብረህ ቁጠረው፣ በቀፎ አንድ ይጨምራል።

ይህን የምለው ለእጭ ክፍሉ ነው። የማር ክፍሉን በ35 መተው ትችላለህ። እንጀራው ወፈር ሲል ክዳኑን በቢላ ለመግፈፍ ይቀላል።

ማተሚያውንም በዚሁ ዓይን እየው። የንጣፉ ዓይን ለኛ ንብ 4.8 ሚ.ሜ ገደማ መሆን አለበት። ከውጭ የመጣ 5.4 የታተመ ከሆነ ንቧ እያፈረሰች ትሠራዋለች ወይም የድንጉላ ታደርገዋለች። አለካኩ፦ በአንድ መስመር ላይ አሥር ዓይን ቁጠርና ርዝመቱን ለካ። 4.8 ሴ.ሜ ከመጣ ልክ ነው፤ 5.4 ከመጣ አትግዛው።

የጀልዴሳ_ቆላ | ሰኔ 27

እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። ደንገጎ ሥር እሺ። ከድሬ ወደ ታች ለሚወርድ ሰው ግን ባለ ፍሬም ቀፎ መጀመሪያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1850 በላይ። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ለሰው ሸሚዝ መቀየር ነው፣ ለሰም ግን መቆምና መውደቅ ነው። የእጩ ሙቀት ከ34 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት። ውጪው ከዚያ ሲያልፍ ንቧ አበባ መቅሰም ትታ ውሃ ስትቀዳና ክንፍ ስታርገበግብ ነው የምትውለው።

ለቆላ የሽግግር ቀፎ (ፍሬም ሳይኖረው እንጀራው ከላይ ዘንጎች የሚንጠለጠልበት)፣ በተለይ ጨፈቃውን እመርጣለሁ። ከቀጭን እንጨት ወይም ከሸምበቆ ይታሰራል፣ በጭቃና በእበት ከውስጥም ከውጭም ይለሰናል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከጣውላ ይልቅ ሙቀት ይከላከላል። ልስኑ በሁለት ዙር ይሁን፤ የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላዋል። አናጢ የሚያስፈልግህ ለዘንጎቹ ብቻ ነው፦ 32 ሚ.ሜ ስፋት፣ ርዝመታቸው ሁሉም አንድ። እዚያ ላይ ሚሊ ሜትር አታጉድል። አንዱ ዘንግ 30 ሌላው 34 ከሆነ አምስተኛው ላይ ስትደርስ እንጀራው ከመስመር ይወጣል። ግድግዳው ወደ ታች እየጠበበ ይሂድ፣ እንደዚያ ከሆነ ንቧ እንጀራውን ከግድግዳ ጋር አታጣብቅም። ሰም የሚፈጀው በየዘንጉ ሥር የሚቀባ አንድ መስመር ብቻ ነው። ማገጃ የለ፣ ሽቦ የለ፣ ማሽን የለ።

ጉድለቱንም ልናገር፦ እንጀራው ተንጠልጥሎ እንጂ ተደግፎ ስለማይቆም በቀትር ከከፈትከውና ወደ ጎን ካዘነበልከው ይበጠሳል። ስታነሳው ቁልቁል እንደተንጠለጠለ አንሳው፣ ስትገለብጠውም በጠርዙ ዙሪያ አዙረው እንጂ ሜዳውን ወደ ላይ አታድርግ።

ሰም_አቅላጭ (ሐረር) | ሰኔ 27

ለቆላው ጨፈቃ እንደሚሻል እቀበላለሁ። ለደንገጎ ግን ፍሬሙ ይቻላል፤ ሽቦው በትክክል ከተወጠረ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የማይዝግ ወይም ዚንክ የተቀባ፣ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ሽቦ ግዛ። ለቀዝቃዛ አገር ሦስት መስመር ይበቃ ይሆናል፣ እዚህ ግን አራት አድርገው። ስትወጥረው በጣት ስትመታው እንደ ክራር ክር መጮኽ አለበት። ከላላ ንጣፉ በሙቀት ይጎብጣል፣ ሁለት ፍሬሞች ሆዳቸው ይነካካል፣ በመካከሉ ንቧ ማለፍ አትችልም።

ንጣፉን ሽቦው ላይ የምታሰምጠው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ሰሙን ሽቦው ላይ አስተኛ፣ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ከባትሪው ሁለት ምሰሶዎች በሚመጡ ሽቦዎች ንካ፣ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ። ሽቦው ሰምጦ ሰሙ ሲያላብበት ወዲያው አንሳ። ከቆየ ንጣፉን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ባትሪ ከሌለ ሚስማር አግለህ በሽቦው ላይ ሂድበት፣ ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

ስለ ማተሙም ላንሳ፣ ሳይጠየቅ እንዳይቀር። ማተሚያውን በሳሙና ውሃ አርጥበው፤ ሰሙ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ይሁን። አፍስሰህ ክደነው፣ የተረፈውን ገልብጠህ ወደ ድስቱ መልስ፣ ውሃ ውስጥ ነክረህ አቀዝቅዘው፣ ጠርዙን በቢላ ከርክመህ ላጠው። ሰሙ በጣም ከሞቀ ማተሚያው ላይ ይጣበቃል። ከቀዘቀዘ ንጣፉ ወፍራምና ተሰባሪ ይሆናል፣ 130 ግራም ያልኩት 200 ይደርሳል፣ ኪሎህ ያልቅብሃል። የወጣውን ንጣፍ አሽገህ አታስቀምጥ፤ በወረቀት መካከል ደርድረህ ከፀሐይ ርቆ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አኑረው።

ግራዋ | ሰኔ 29

ስለ ማስቀመጫው፣ ስለ ጉንዳኑና ስለ ጥላው ማንም ስላልተናገረ ልጨምር፤ ቀፎ ከሚያጠፋው አንዱ ይህ ነው። መቆሚያው ከመሬት ከ50 እስከ 60 ሴ.ሜ ይነሳ። እግሮቹ በጣሳ ውስጥ ይቁሙ፣ በጣሳው ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይግባ። ድሬ አቧራማ ስለሆነች ዘይቱ ላይ አቧራ ይጋገርና ጉንዳኑ ራሱ እንደ ድልድይ ይሄድበታል። በሳምንት አንዴ ካልተቀየረ ዋጋ የለውም። ጣሳው ላይ ክዳን የመሰለ ቆርቆሮ ይጋረድ፣ ንቧ ዘይቱ ውስጥ እንዳትወድቅ። ዘይት ካልተገኘ በእግሩ ዙሪያ አሥር ሴንቲ ያህል ግራሶ ቀቡ፣ ከሥሩ አዲስ አመድ ጨምሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሣር፦ አንድ ቅጠል ከቀፎው ጎን ጋር ከተነካካ ዘይቱ፣ ግራሶው፣ አመዱ ሁሉ ከንቱ ነው። ጉንዳን በአንድ ሌሊት መንጋውን ያስለቅቀዋል።

ጥላው የዛፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘ ዳስ፣ ከቀፎው ክዳን ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ያለ። ቆርቆሮ ክዳኑ ላይ በቀጥታ አታስተኙ፣ ሥሩ ያለው አየር እንደ ምጣድ ይግላል። ክዳኑና ቆርቆሮው መካከል ሣር ወይም ኬሻ ይግባ። መግቢያው ወደ ምሥራቅ ይሁን፣ የከሰዓት ፀሐይ እንዳያገኘው። ውሃ በቅርብ አስቀምጡ፣ ጎድጓዳ ሳፋ ላይ ጠጠር ሞልታችሁ፤ ጠጠሩ ከውሃው በላይ ይታይ። ጠጠር ከሌለ ትሰምጣለች።

ለማጨሻው ማገዶ ደረቅ ኩበትና የበቆሎ ቆረቆንዳ ይስማማል። የጫት ገረባ አትጠቀሙ እባካችሁ፣ ጫት ላይ የተረጨው ኬሚካል በጭሱ ገብቶ ይጎዳታል። የማዳበሪያ ጆንያም ፕላስቲክ ስለሆነ ያው ነው። ማጨሻ ስትገዙ ወናፉን ጫኑና አፍንጫው ላይ እጃችሁን አድርጉ፤ አየሩ በኃይል ካልመጣ፣ ወይም ቆዳው በስፌቱ በኩል ካነፈሰ፣ ጥሩ እሳት ቢኖራችሁም መንገድ ላይ ይጠፋባችኋል።

ዓይነ ርግቡ ጥቁር መረብ ይሁን፣ በነጩ ውስጥ ፀሐይ ላይ እንቁላል ማየት አይቻልም። ልብሱ ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ያለው ወፍራም አቡጀዲ፣ ዚፑ አንገት ላይ የሚዘጋ። ከፊት በኩል የጨርቁ ክር ከሳሳ ንብ በዚያ ትነድፋለች። ጓንቱ ክንድ ድረስ የሚደርስ፣ ጫማው ቦቲ፣ የሱሪው ጫፍ ከቦቲው ላይ ይውጣ።

የደንገጎ_ንብ | ሰኔ 29

እህቴ፣ ጫት ካነሳሽ አይቀር፦ ከንብ ማነቢያው (ቀፎዎቹ ካሉበት) አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ጫት አለ። መቼ እንደሚረጩ ሲነግሩኝ ቀፎውን መዝጋት ይበቃል?

ግራዋ | ሰኔ 30

መዝጋት አይበቃም፤ ሊጎዳም ይችላል። በድሬ ሙቀት በጠባብ ቀፎ የተዘጋ መንጋ በአንድ ቀን ታፍኖ ያልቃል። ንብ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች፣ አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ደጃፏ ነው። ጫቱ ብዙ ጊዜ አበባ ሳያወጣ ስለሚቀነጠብ አበባው አይደለም ዋናው፤ ከሥሩ ያለው የሚያብብ አረምና ቅጠሉ ላይ የሚያድረው ጠል ነው። ከመርጨታቸው በፊት አረሙን ቢያጭዱልህ፣ ርጭቱም ፀሐይ ስትጠልቅ ቢሆን ግማሽ መፍትሔ ነው። ዝግጅቱን ከአሁኑ ጀምር፦ ለየቀፎው መግቢያ ወንፊት ሽቦ አሠራ፣ ቆርጠህ ያዝ። ርጭቱ ካልቀረ አመሻሹ ላይ ንቧ ስትገባ መግቢያውን በወንፊቱ ዝጋ፣ የላይ ክዳኑን አንስተህ በወንፊት ተካ፣ ጥላና ውሃ አድርግ፣ በማግስቱ አመሻሽ ክፈት። ብዙ ጊዜ የሚረጭ ከሆነ ማነቢያውን አንሳው፤ ሌላ ምክር የለኝም።

ጋሽ_ቀፎ | ሐምሌ 2

ልጆቼ፣ ዕቃው ሁሉ ተነግሯል፤ የማዛወሪያውን ዕለት ዕቃ ማን አሰናዳ? ሰው አራት ቀፎ ይዞ ወጥቶ ንግሥቷን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ይመለሳል።

በእጅ ሊኖር የሚገባው፦ ለየቀፎው አንድ ቢጎዲን፣ ያ የሴቶች ፀጉር መጠቅለያ፣ ሁለቱ ጫፍ በሰም የሚደፈን፤ ጥጥ ክር፤ ስለታም ቢላ፤ ክዳን ያለው ባልዲ፤ የላባ መጥረጊያ፤ ሁለት ማጨሻ፣ አንዱ ቢጠፋ። አዲሱን ቀፎ ከቀናት በፊት በወይራ ጭስ አጥኑት፣ የጠጅ ሣር ውስጡ ላይ እሹበት፣ ጥቂት ሰም አቅልጣችሁ ግድግዳው ላይ ቀቡ።

ሰዓቱ አመሻሽ ነው፣ ፀሐይ ስትበርድ። አሮጌውን ቀፎ አንሱና አዲሱን በዚያው ቦታ፣ መግቢያውን ወደዚያው አቅጣጫ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጭሱን ከአንድ ጫፍ እየሰጣችሁ ንቧን ወደ ሌላው ጫፍ ግፉ፣ አውራዋን (ንግሥቷን) ፈልጉ፣ ቢጎዲኑ ውስጥ አድርጉና ከሁለት ፍሬም መካከል አንጠልጥሉ። እጭ ያለበትን እንጀራ በፍሬሙ ልክ ቆርጣችሁ በክር እሰሩ፤ በቀፎ ሁለት ሦስት ይበቃል። ሲታሰር አቀማመጡ እንደነበረ ይሁን፣ የዓይኑ አፍ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ከተገለበጠ ማሩ ይፈስሳል። ማር ያለበትን እንጀራ አታስገቡ፣ ባልዲው ውስጥ ከድኑት። ሲፈስ ጉንዳንና የጎረቤት ንብ ይጠራል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ንቦቹ በእርጋታ እጭ ሲመግቡ ካያችሁ አውራዋን ልቀቁ። ቀድሞ መልቀቅ መንጋውን ይዛ እንድትኮበልል በር መክፈት ነው።

ምግብም አሰናዱ። አንድ ኪሎ ስኳር ለአንድ ሊትር ውሃ፣ ለብ ያለ እንጂ የሚፈላ አይደለም። አበባው ካልደረሰ ያልተቀመመ ሽሮ ወይም በሶ በጠፍጣፋ ዕቃ ከጥላ ሥር ይቀመጥ።

ከስድስቱ ለማዛወር ጠንካሮቹን ምረጥ ልጄ። ቀፎው በር ላይ ጽጌ (የአበባ ብናኝ) ተሸክመው በብዛት የሚገቡበትን። ደካማውን ማዛወር ሁለት ኪሳራ ነው።

የደንገጎ_ንብ | ሐምሌ 2

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቢጎዲኑን አላሰብኩትም ነበር። የማገጃውና የማሽኑ ጉዳይ ብቻ ነው የቀረኝ።

አናጢ_ሳቢያን | ሐምሌ 3

ማሽኑን አትግዛ፣ አራት ቀፎ አይሸከመውም። በማኅበር ወይም በወረዳ ግብርና በኩል ያለውን ተጠቀም፤ ግን ሄደህ ፍሬምህን ቅርጫቱ ውስጥ አስገብተህ ሞክር፣ ከንፈሩ ላይ ከተደገፈ ሲሽከረከር ይሰበራል። አዲስ እንጀራ ደግሞ በአንድ ጎን ሙሉ በሙሉ አታውጣው። በዝግታ ግማሹን፣ አገላብጠህ ሌላውን ጎን ሙሉ፣ ከዚያ የቀረውን። ሰው ቸኩሎ አንዱን ጎን ሲጨርስ የሌላው ጎን ክብደት ሰሙን በሽቦው ላይ ይቀደዋል።

ባልዲው ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። የቀለም ባልዲ ሽታው አይለቅም፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ባልዲንም ማር አሲድ ስላለው ይበላዋል። የማሩ ውሃ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ከፍሬሙ ሦስት አራተኛው ተከድኖ ሳለ ብቻ ቁረጥ።

ሰም_አቅላጭ (ሐረር) | ሐምሌ 3

ማገጃውን ዘንድሮ አትግዛ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ዓመት መንጋው የታችኛውን ክፍል ሳይሞላ ማገጃ ካስገባህ ወደ ላይ አይወጣም፣ የማር ክፍሉን ይንቀዋል። ከእጭ ክፍሉ ፍሬሞች 7 ወይም 8ቱ በንብ ሲሸፈኑ የማር ክፍሉን ያለ ማገጃ ደርብ። ቀድመህ ከደረብክ ግን ባዶ ቦታው የሰም ብልና የቀፎ ጥንዚዛ ይጠራል፤ በድሬ ሙቀት ብሉ ቶሎ ይፈላል። ትርፍ ፍሬሞችህን በናፍታሊን አታስቀምጥ፣ ሽታው በሰሙ ውስጥ ገብቶ ማሩ ላይ ይወጣል። አየርና ብርሃን ባለበት አራርቀህ ስቀላቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት ስትገዛም የተበሳ ፕላስቲክ ሳይሆን የሽቦ ማገጃ ምረጥ፤ የተበሳው ጠርዙ ሹል ከሆነ የንቧን ክንፍ ይሸራርፋል። የተለመደው ክፍተት 4.2 ሚ.ሜ ገደማ ለትልልቆቹ ንቦች የወጣ ስለሆነ ትንሿ ንግሥታችን ልትሾልክበት ትችላለች። ከማመንህ በፊት የማር ክፍሉ ላይ እንቁላል አለመኖሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልከት።

የደንገጎ_ንብ | ሐምሌ 4

እንዲህ አዘጋጅቻለሁ፦ ሰፈፍ ለ6 ኪሎ ንጹሕ ሰም የሚሆን ሐምሌ ሳያልቅ፤ 4 ቀፎ በላንግስትሮዝ ልክ፣ ለእጭ ክፍሉ በቀፎ 11 ፍሬም በ32 ሚ.ሜ ትከሻ፣ የማር ክፍል ሁለት ብቻ መጀመሪያ፤ ሽቦ፤ 4 መቆሚያ ከ16 ጣሳ ጋር፤ ልብስ ሁለት፣ ማጨሻ ሁለት፤ 4 ቢጎዲን። ማገጃና ማሽን የለም። የጎደለ ካለ?

የጀልዴሳ_ቆላ | ሐምሌ 4

የቀፎ መክፈቻ ብረት አልጻፍክም አቦ። ሙጫው ሲደርቅ በቢላ ከሞከርክ ቢላው ይሰበራል፣ የሳጥኑም ጠርዝ ይፈለጣል፣ በተፈለጠው ጉንዳን ይገባል። አንዱ ጫፉ የተጠማዘዘ፣ ሌላው የተሳለ፣ 25 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከቀጥቃጭ አሠራ፤ ቀይ ቀለም ቀባው፣ ሣር ውስጥ ሲወድቅ እንዲታይ። የማር ክፍሉንም አራት አድርገው። ሁለቱ መንጋ ቀድመው ሲሞሉ አናጢ ፍለጋ በጥቅምት መካከል ብትሮጥ አበባው አይጠብቅህም።

ሰም_አቅላጭ (ሐረር) | ሐምሌ 4

ሰሙንም አርመው። ለ44 የእጭ ፍሬም በ120 ግራም 5.3 ኪሎ ይሆናል፤ ለአራት የማር ክፍል ቅዳጅ አንድ ኪሎ ያህል ጨምር፤ ሲቀልጥና ሲከረከም የሚባክነውም አለ። 7 ኪሎ ብለህ ያዝ።